ያልጫንነው ፓኬጅ ቨርዥን

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በጃቫስክሪፕት ፓኬጅ መጫኛው በኤንፒኤም ኦዲት (የፓኬጆችን የደኅንነት ቀዳዳ ፍተሻ) ስናደርግ ቀይ ጽሑፍ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ እኛ ባልመረጥነው ፓኬጅ ላይ ነው። እጃችንም ወዲያው ወደ ኦቨርራይድስ ይሄዳል፤ ይህም በፓኬጅ ዶት ጄሰን ፋይል ውስጥ ሌላ ፓኬጅ የጠየቀውን ቨርዥን በእኛ ቁጥር የምንተካበት ቦታ ነው። አጥብቀን የምንለምናችሁ ግን አንድ ነገር ነው፤ ማን እንዳመጣው ሳታዩ ቨርዥን አትቀይሩ።

አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። የኮድ መፈተሻው ሞካ 5.2.0፣ ፎልደር የሚፈጥረውን ኤምኬዲርፒን ልክ 0.5.1 ይላል፤ ኤምኬዲርፒ 0.5.1 ደግሞ የትእዛዝ መስመር አማራጮችን የሚያነበውን ሚኒሚስትን ልክ 0.0.8 ይላል። ይህ ሚኒሚስት የፕሮቶታይፕ ፖሉሽን ቀዳዳ (አጥቂ የጃቫስክሪፕት ኦብጀክቶች የሚወርሱትን ባሕርይ እንዲበክል የሚፈቅድ) አለበት። «ኤንፒኤም ኤክስፕሌን ሚኒሚስት» ብላችሁ ስታዙ ሰንሰለቱ እስከ ሞካ ድረስ ይወጣላችኋል። ከቁጥሮቹ ፊት ተቀራራቢ አዳዲስ ቨርዥኖችን የሚፈቅደው ^ ስለሌለ «ኤንፒኤም አፕዴት» ብትሉ ንቅንቅ አይልም። ሞካ ^0.5.1 ብሎ ቢሆን ኖሮ ከ0.6.0 በታች ያለው ሁሉ ስለሚፈቀድ «ኤንፒኤም አፕዴት ኤምኬዲርፒ» ብቻውን 0.5.6ን ያመጣ ነበር። ስለዚህ ^ ባለበት ፓኬጅ አስቀድማችሁ አፕዴትን ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ አሮጌውን ቨርዥን ይዞ የቀረው ሎክ ፋይሉ (የተጫኑት ቨርዥኖች የተመዘገቡበት) ብቻ ነው።

ሞካን ማሳደግ ከተቻለ እሱ ይቀድማል። ካልተቻለ በኦቨርራይድስ ሥር «ሞካ@5.2.0»፣ በእሱም ሥር ኤምኬዲርፒ 0.5.6 ብላችሁ ጻፉ። ሚኒሚስትን በቀጥታ 1.2.6 ማድረግን አንመክርም፤ ኤምኬዲርፒ 0.5.1 ተሞክሮ የማያውቅበትን ኮድ ማሸከም ነው። 0.5.6 ግን ራሱ ^1.2.6ን ይጠይቃል፤ ማዛመዱን የሠራው የፓኬጁ ባለቤት ነው።

ኦቨርራይድስ ከኤንፒኤም 8.3 ወዲህ የመጣ ሲሆን የሚሠራው በዋናው ፕሮጀክት ፓኬጅ ዶት ጄሰን ላይ ብቻ ነው። ላይብረሪ ውስጥ ጽፋችሁ ብታወጡት የሚጭነው ሰው ዘንድ ዋጋ የለውም። በሌላው ፓኬጅ መጫኛ በያርን ስሙ ሪዞሉሽንስ ነው። በቀጥታ የጫናችሁትን ፓኬጅ በኦቨርራይድስ በሌላ ቁጥር ከሻራችሁት ኢኦቨርራይድ የሚል ስህተት ያስቆማችኋል፤ በቁጥሩ ፋንታ ከ$ ቀጥሎ የፓኬጁን ስም ጻፉ።

ከጫናችሁ በኋላ «ኤንፒኤም ኤልኤስ ኤምኬዲርፒ» ብላችሁ 0.5.6 መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። አሮጌው ካልለቀቀ ፓኬጆቹ የሚጫኑበትን ኖድ ሞጁልስ ፎልደር አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑ። ሎክ ፋይሉን መሰረዝ የሌሎቹንም ቨርዥን ስለሚያንቀሳቅስ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። «ኦዲት ፊክስ ፎርስ»ን ሳታነቡ አትጠቀሙ፤ ዋና ፓኬጆቻችሁን ወደማይጣጣም ቨርዥን ሊያዘልል ይችላል።

ጄሰን ኮሜንት ስለማይቀበል የኦቨርራይድስ መስመሯ ለምን እንደገባች ለውጡን ስትመዘግቡ ኮሚት መልእክቱ ላይ ጻፉት። 5.2.0 የሚለውን ቁጥር ያስጻፍናችሁም ሞካን ያሳደጋችሁ ቀን መስመሯ በራሷ ሥራ እንድታቆም ነው፤ ያን ቀን ግን ከፋይሉም አውጧት።