ማን ነው የገዛን?

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጌታ ይባርካችሁ።

የወጣቶች ኅብረቱ አስተባባሪዎች ደውለው «ጋሼ፣ ለሥልጣን ስለ መገዛት ያስተምሩን» ሲሉኝ ቶሎ እሺ አላልኩም። በዚህ ቃል ብዙ ሰው ተጎድቷል። ሚስት ተደብድባ ስትመጣ «ተገዢ» ተብላለች። ምእመን የመባው ገንዘብ የት እንደ ገባ ጠይቆ «የቀባሁትን አትንኩ» ተብሏል። ዛሬ የምናገረው እነዚህ ሰዎች ፊቴ እንደ ተቀመጡ አድርጌ ነው። ምናልባትም ተቀምጠው ይሆናል።

ከራሴ ልጀምር። ባለፈው ዓመት የቤት ቀለም ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጄ አብራኝ ነበረች። ሻጩ ዋጋውን ነገረኝና «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» አለኝ። ያለ ደረሰኝ ይቀንሳል፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ያለ ደረሰኝ ይሁን» አልኩ። ምንም አላሰብኩበትም። ቆርቆሮዎቹን መኪና ላይ ስንጭን ልጄ «አባዬ፣ እሁድ ዕለት ሮሜ 13ን አላስተማርክም እንዴ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ጳውሎስ እዚያ ምዕራፍ ላይ «ስለ ቍጣው ብቻ አይደለም ነገር ግን ስለ ሕሊና ደግሞ መገዛት ግድ ነው» ይላል። ወዲያው ቀጥሎ የሚያነሳው ግብርን ነው። ይህን ሲጽፍ ሮም ላይ የነገሠው ኔሮን ነበር፤ ስለ ደግ ንጉሥ እየጻፈ አልነበረም። ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ የሚቆም፣ ሳያይ የሚያልፍ ሾፌር የተገዛው ለቅጣቱ ነው። እኔም ያን ቀን ሱቁ ውስጥ የሚያየኝ ሰው ስለሌለ አለፍኩ። በማግሥቱ ተመልሼ ልዩነቱን ከፍዬ ደረሰኙን ተቀበልኩ። ሻጩ ግራ ገብቶት አየኝ። ልጄ ግን አብራኝ ነበረች።

በአማርኛችን «ገዛ» የሚለው ቃል ሁለት ቤት አለው። ዕቃ ይገዛል፣ አገርም ይገዛል። ለብዙ ዓመት ይህን ልብ አላልኩም ነበር። አንድ ቀን አንደኛ ቆሮንቶስ 7ን ሳነብ «በዋጋ ተገዝታችኋል፤ የሰው ባሪያዎች አትሁኑ» የሚለው ላይ ቆምኩ። እናንተም እስቲ ቁሙበት። ክርስቲያን ተሽጦ ያለቀ ሰው ነው፤ የከፈለው ጌታ ነው፣ የከፈለውም ደሙን ነው። ስለዚህ ለሹም ሲታዘዝ ባለቤቱ አዝዞት ነው። ሹሙ ባለቤቱ የከለከለውን ሲያዝዘው ደግሞ «አልችልም፣ የራሴ አይደለሁም» ይላል። መታዘዙም እምቢታውም ከአንድ ቦታ ይመጣሉ።

ዳዊትን እዩት። ሳኦል ሦስት ሺህ ሰው አስከትሎ ሊገድለው ይፈልገዋል። ዓይንጋዲ ላይ ዳዊት ከነሰዎቹ በተደበቀበት ዋሻ ሳኦል ብቻውን ይገባል። ሰዎቹ «ቀኑ ዛሬ ነው» አሉት። ዳዊት ተነሥቶ የመጐናጸፊያውን ጫፍ በቀስታ ቆረጠ። የቆረጠው ጨርቅ ነው፣ ግን ለእርሱም ልቡ መታው። ሰዎቹንም ከለከለ።

ብዙ ሰባኪ እዚህ ያቆማል። እባካችሁ አናቁም። ዳዊት ከዋሻው ወጥቶ ጮኸ። «ጌታዬ ንጉሥ ሆይ» ብሎ ሰገደ፤ ጨርቁን አሳየው፤ ነፍሴን ልታጠፋ ታሳድደኛለህ፣ እግዚአብሔር ይፍረድ አለው። ፊት ለፊት። ሳኦልም አለቀሰ። ከዚያስ? ሳኦል ወደ ቤቱ ሄደ፤ ዳዊት ወደ አምባው ወጣ። አብሮት አልተመለሰም! የሳኦል ጦር ግድግዳ ላይ ሲሰካ አይቷል። አክብሮታል፣ እጁን አላነሣበትም፣ ግን ጦሩ ወደሚደርስበት አልገባም። እህቴ፣ የሚደበድብሽ ሰው ቤት ተመልሰሽ እንድትገቢ በ«መገዛት» ስም የሚያዝሽ ሰው ይህን ቁጥር አላነበበውም። ኤፌሶን 5ም ቢሆን «ሚስቶች ሆይ» ከማለቱ በፊት ሁላችንንም እርስ በርሳችን በክርስቶስ ፍርሃት እንድንገዛ ያዝዛል።

እምቢታውንም አገራችን ታውቀዋለች። ፋሺስት አቡነ ጴጥሮስን አርበኞቹን እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም እንዲገዛለት እንዲያዝዙ ጠየቃቸው። እርሳቸው ግን ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። የመካነ ኢየሱሱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ምሽት፣ ኡራኤል መካነ ኢየሱስ አስተምረው ሲወጡ ተወሰዱ። ከዚያ በፊት ታስረው ያውቃሉ። ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው፤ ምእመናኑን ትተው አልሄዱም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ዓመታት በእስር ቆዩ። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ሉተራዊ፤ ሁለቱም ቢገድሏቸውም ሌላ ባለቤት አልተቀበሉም።

ወደ ቤታችን ልመለስ። መሪዎች አሉን፣ እናክብራቸው። ዕብራውያን 13 «ለዋኖቻችሁ ታዘዙና ተገዙ» ሲል፣ እነርሱ ስለ ነፍሳችን ስሌት የሚሰጡ ናቸውና እንደሚተጉ ይነግረናል። መሪ ተጠያቂ ነው ማለት ነው። መዝገቡ የሚመረመርበት፣ ሽማግሌ የሚጠይቅበት ቤተ ክርስቲያን ያመፀ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ጌታ ራሱ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ ዝም አላለም። «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» አለ። ጠየቀ። ከዚያም ወደ መስቀሉ ሄደ፣ ለአባቱ ታዝዞ።

አሁን አስተባባሪዎቹ ወረቀት ያድሏችኋል። ጥያቄያችሁን ስም ሳትጽፉ ጻፉ። በመሪ ወይም በቤተሰብ ሥልጣን ተጎድቶ ለማንም ያልነገረ ካለ፣ እኔና ባለቤቴ ከጸሎቱ በኋላ እዚህ ፊተኛው ወንበር ላይ ነን። ቶሎ አንሄድም።