ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፦ ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) በእርግጥ ተቀድቷል?

[ስክሪኑ ላይ፦ በፎልደር የተጨናነቀ ዴስክቶፕ]

ኮምፒውተራችሁ ተንቀራፏል። ለመነሳት ብቻ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። የሚያውቅ ሰው ስትጠይቁ "ፎርማት አድርገው" አላችሁ። ዲስኩን አጥፍታችሁ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫኑ ማለቱ ነው። እሺ፣ እናደርገዋለን። ግን ቆይ፣ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ እኔ የተሸወድኩትን ልንገራችሁ። ዴስክቶፕ ላይ የነበረውን የፎቶ ፎልደሬን ፍላሽ ላይ ኮፒ አደረግኩ። ዓይን ሳልጨፍን አለቀ። ለማረጋገጥ ፍላሹ ላይ ከፈትኩት፤ ፎቶዎቹ አሉ። ተመስገን ብዬ ፎርማት አደረግኩ። በኋላ ፍላሹን ስሰካ ፎልደሩ አልከፈት አለኝ። ለካ የቀዳሁት ሾርትከት ነበር።

[ስክሪኑ ላይ፦ ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት ያለበት አይከን ይጎላል]

ይህቺን ቀስት አያችኋት? ይሄ ፎልደሩ ሳይሆን ወደ ፎልደሩ የሚወስድ መንገድ ነው። መጠኑ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው። ዋናው ፎልደር ኮምፒውተሩ ላይ እስካለ ድረስ ከፍላሹም ስትነኩት ይከፈታል። እኔን ያታለለኝም ይሄው ነው። ስለዚህ ባክአፕ የሚፈተሸው በሌላ ኮምፒውተር ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ አንድ ፎቶ፣ አንድ ሰነድ፣ አንድ ቪዲዮ ክፈቱ። ከዚያም ዋናውንና ቅጂውን በየተራ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የፋይሎቹን ብዛት አመሳክሩ።

አሁን ምን እንቅዳ? ብዙ ሰው ዴስክቶፕ ላይ ያለ ነገር የሚጠፋ አይመስለውም። ይጠፋል! ዴስክቶፕ ራሱ ፎርማት በሚደረገው ሲ ድራይቭ ውስጥ ያለ ፎልደር ነው።

[ስክሪኑ ላይ፦ ሲ፣ ዩዘርስ፣ የተጠቃሚው ስም]

ሲ ውስጥ ገብታችሁ ዩዘርስ የሚለውን ክፈቱ። በስማችሁ የተሰየመ ፎልደር ታገኛላችሁ። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ፒክቸርስ ሁሉም እዚህ ናቸው። ዋን ድራይቭ (ፋይል ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠውን የማይክሮሶፍት አገልግሎት) የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ዴስክቶፑ ዋን ድራይቭ በሚለው ፎልደር ውስጥ ሊሆን ስለሚችል እሱንም እዩት። እዚያ የደመና ምልክት ያለበት ፋይል ካያችሁ፣ ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ እንጂ እናንተ ጋ የለም። ለመቅዳት ኔትወርክ ያስፈልጋችኋል።

ፕሮግራሞችን ለመቅዳት አትድከሙ። ፕሮግራም ፋይልስን እንዳለ ብትወስዱት አብዛኛው አይሠራም፤ እንደገና መጫን አለበት። መያዝ ያለባችሁ መጫኛውንና የላይሰንስ ቁልፉን ነው። የሂሳብ ፕሮግራም ካላችሁ ግን በራሱ የባክአፕ ማዘዣ መረጃውን አውጡ። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች መረጃቸውን እናንተ በማታስቡት ቦታ ሊያስቀምጡ ይችላሉ።

ፎንትም አትርሱ። ከዩኒኮድ (ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት እንዲነበብ ካደረገው አሠራር) በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ፣ ፎንቱ ከሌለ ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነው።

ብሮውዘር ላይ ያስቀመጣችኋቸው ፓስወርዶችስ? በአካውንታችሁ ሲንክ ካልሆኑ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይም ካልተቀመጡ፣ ኤክስፖርት አድርጓቸው (ወደ ፋይል አውጧቸው)። ያ ፋይል ግን ያገኘው ሁሉ የሚያነበው ተራ ጽሑፍ ነው። መልሳችሁ እንዳስገባችሁት አጥፉት።

ቢትሎከር (ድራይቭን በቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) የበራበት ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ባለ 48 አሃዙን የሪከቨሪ ቁልፍ ሌላ ቦታ ያዙ። ያለሱ፣ የተቆለፈ ዲ ድራይቭ ከፎርማት በኋላ አልከፈትም ሊላችሁ ይችላል።

[ስክሪኑ ላይ፦ "ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው" የሚል መልእክት]

ይሄ መልእክት ብዙ ሰው ያናድዳል። ፍላሹ ባዶ ነው፣ ፋይሉ ግን አልገባም ይላል። ምክንያቱ ፍላሹ ፋይል የሚያስቀምጥበት አሠራር ፋት 32 የሚባለው መሆኑ ነው፤ ፋት 32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹን ኤክስፋት ወደሚባለው አሠራር ቀይራችሁ ፎርማት አድርጉት። ያው፣ ውስጡ ያለው ስለሚጠፋ መጀመሪያ ባዶ አድርጉት።

"ዲ ላይ ባደርገውስ?" የምትሉ አላችሁ። ሲ ብቻ ፎርማት ከተደረገ ዲ አይነካም፤ ልክ ናችሁ። ግን ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዲስክ ላይ ናቸው። ዲስኩ ከተበላሸ አብረው ይሄዳሉ። ደግሞ ዊንዶውስ ሲጫን የሚያሳያችሁ ሲ እና ዲ ብሎ ሳይሆን ድራይቭ 0 (ወይም ዲስክ 0) ፓርቲሽን 3 እያለ ነው፤ ፓርቲሽን ማለት የዲስኩ አንድ ክፍል ነው። አንዱን በስህተት ዲሊት ማለት ቀላል ነው። ኤስኤስዲ (አዲሱ ፈጣን የዲስክ ዓይነት) ላይ ከሆነ ደግሞ የጠፋውን መልሶ የማግኘት ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ስለዚህ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አድርጉት። የማይተካውን፣ ለምሳሌ የቤተሰብ ፎቶ፣ ሁለት ቦታ ያዙ።

[ስክሪኑ ላይ፦ ኤክስተርናል ዲስክ ሲነቀል]

ቀድታችሁ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ አያችሁ? እንግዲያው ኢጀክት ብላችሁ ንቀሉትና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። ዊንዶውስ ተጭኖ እስኪያልቅ እዚያው ይቆይ፤ ከተሰካ እሱም ከፓርቲሽኖቹ ጋር ይዘረዘራል። አሁን የዊንዶውስ መጫኛ ያለበትን ፍላሽ ሰክታችሁ ሪስታርት በሉት።