«ደነዘዘ?» ብዬ አልጠይቅም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደብረ ብርሃን ውርጩ ጀምሯል፤ ድምፄ ከጎረነነባችሁ ከዚያ ነው።

የዛሬው ወሬዬ ስለ ጥርስ ማደንዘዣ መርፌ ነው። ስለ አወጋጉ። የባለሙያ ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳትዘጉት። አንድ ቀን እናንተም ያ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፤ ያኔ ከእኔ እጅ ይልቅ የእናንተ አፍ የሚወስነው ነገር አለ።

እዚህ ሰሜን ሸዋ የጥርስ ሐኪም ሆኖ መሥራት አንድ የራሱ ጣጣ አለው። ሰዉ አይጮህም። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከእነዋሪ የሚመጡ አባቶች በተለይ። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱ ሲወቃው አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ አውቶብስ ተሳፍሮ የመጣ ሰው፣ «እንዴት ነው ሕመሙ?» ስትሉት «ምንም አይልም» ይላችኋል። ጉንጩ አብጦ ዐይኑ ሊዘጋ ደርሷል እኮ! ምንም አይልም።

እንግዲህ ለዚህ ሰው መርፌውን ሰጥቼ፣ ጥቂት ጠብቄ «ደነዘዘ አባቴ?» ብለው ምን የሚለኝ ይመስላችኋል? «አዎ ልጄ፣ ቀጥል።» ይደንዝዝ አይደንዝዝ፣ መልሱ ያው ነው። አንደኛ፣ ወንድ ልጅ አመመኝ አይልም ተብሎ አድጓል። ሁለተኛ፣ ሐኪሙን ማሳፈር አይፈልግም፤ «አልደነዘዘም» ማለት «አልቻልክበትም» እንደ ማለት ይመስለዋል። እናቶችም ያው ናቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ይሁን፣ እችለዋለሁ» ይላሉ። ጥርሱን መነቅነቅ ስትጀምሩ ድምፅ የለም፤ እንባ ብቻ በጆሮ ግንድ በኩል ይወርዳል።

ስለዚህ እኔ «ደነዘዘ?» ብዬ አልጠይቅም። ሌላ መንገድ አለ፣ ወደ እሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን መርፌው ምን እንደሚሠራ ላስረዳ፤ አለበለዚያ ለምን እንደሚከሽፍ አይገባም።

የላይኛው ጥርስ ቀላል ነው። በላይኛው መንጋጋ በውጭ በኩል ያለው አጥንት ስስና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስለሆነ፣ ከጥርሱ ሥር ጫፍ አጠገብ፣ ድድና ጉንጭ የሚገናኙበት እጥፋት ላይ ትወጋላችሁ፤ መድኃኒቱ ራሱ ሰርጎ ይገባል። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ላንቃ ላይ ሲሆን ብቻ ያማል፤ እዚያ ሥጋው ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ስለተወጠረ ፈሳሹ የሚገባበት ቦታ የለውም። ለዚህ የታወቀው ዘዴ በጥጥ ጫን አድርጎ ይዞ፣ ከጥጡ አጠገብ ጥቂት ጠብታ ብቻ በዝግታ መስጠት ነው።

ጣጣው የታችኛው መንጋጋ ነው። የአዋቂ ሰው የታች መንጋጋ አጥንቱ ወፍራም ነው፤ በኋለኞቹ ጥርሶች በኩል መድኃኒት እንደ ላይኛው አያሰርግም። ስለዚህ ነርቩን አጥንት ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ደጃፉ ላይ መያዝ አለባችሁ። ያ ደጃፍ በመንጋጋው ቋሚ ክንፍ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለ ቀዳዳ ነው፤ በዐይን አይታይም። እኛ «ብሎክ» የምንለው ይሄን ነው።

አወጋጉ እንዲህ ነው። አውራ ጣቴን የመንጋጋው ክንፍ ፊት ለፊት ያለው ጎድጓዳ ላይ አሳርፋለሁ። ሲሪንጁ የሚመጣው ከተቃራኒው ወገን፣ ከውሻ ጥርስ ቀጥለው ካሉት ትንንሽ መንጋጋ ጥርሶች በላይ ነው። መርፌው ከታችኛው ጥርሶች ገጽ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይገባል፤ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ሄዶ አጥንት ይነካል። መንካት አለበት! ከነካ በኋላ 1 ሚሊ ሜትር መለስ፣ ትንሽ ሳብ አድርጎ ደም መኖሩን ማየት፣ ከዚያ መስጠት። አጥንቱን ቶሎ ካገኘሁት ጫፉ ገና ወደ ፊት ነው ማለት ነው። ጭራሽ ካጣሁት ደግሞ ወደ ኋላ አልፌያለሁ፤ እዚያ ከሰጠሁ መድኃኒቱ የምራቅ ዕጢው ውስጥ ገብቶ የፊትን ነርቭ ሊይዝ ይችላል። ያን ጊዜ የሰውዬው ፊት በአንድ ወገን ይጣመማል፣ ዐይኑ አይከደንም። መድኃኒቱ ሲለቅ ይመለሳል፤ ግን ያንን ፊት ይዞ ቤቱ ቢገባ ጎረቤት በሙሉ «መጋኛ መታው» ብሎ ነው የሚያለቅስለት።

ይህ ብሎክ በደንብ የተማረ እጅ ሲሰጠውም ከመቶ 15 እስከ 20 ጊዜ እንደሚከሽፍ የሙያው መጻሕፍት ይናገራሉ። ቀዳዳው ከሰው ሰው ቦታው ይለያያል፤ አንዳንዱ ሰው ተጨማሪ ነርቭ ከሌላ በኩል ይመጣለታል። «እኔን ማደንዘዣ አይዘኝም» የሚል ሰው ሲመጣ እኔ አልስቅበትም፤ ምናልባት እውነቱን ነው።

ሌላው ምክንያት ደግሞ መግል ነው። ይሄኛው ትንሽ ኬሚስትሪ አለው፣ ታገሡኝ። ሊዶካይን፣ ማለትም የምንወጋችሁ ማደንዘዣ፣ በሁለት መልክ ነው ሰውነት ውስጥ የሚገኘው፤ የነርቩን ሽፋን ዘልቆ መግባት የሚችለው አንደኛው ብቻ ነው። ጤነኛ ሥጋ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) 7.4 ገደማ ነው፤ እዚያ ከመቶ 25 ያህሉ ዘልቆ የሚገባው መልክ ነው። የቆሰለና መግል የቋጠረ ቦታ ግን አሲድ ይሆናል። ፒኤቹ ወደ 6 ሲወርድ ዘልቆ የሚገባው ከመቶ 1 ገደማ ብቻ ይቀራል። መድኃኒቱ አለ፣ ግን በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚውለው። ለዚህ ነው ጥርሱ ገና ሳያብጥ የመጣ ሰው በአንድ መርፌ የሚገላገለው፣ ቅርንፉድ ነክሶ፣ የደብረ ብርሃን አረቄ በአፉ ይዞ ሰንብቶ የመጣው ደግሞ የሚቸገረው። ቅርንፉዱን አልነቅፍም፤ ውስጡ ያለው ዩጂኖል በእርግጥ ያደነዝዛል፣ እኛም ክሊኒክ ውስጥ እንጠቀምበታለን። አረቄው ግን ድዱን ያቃጥላል እንጂ ነርቩን አያስተኛም። ጠጥተው ወንበሬ ላይ የሚቀመጡ አሉ፤ ኧረ ተዉ፣ በሞቴ! ጠጥታችሁ ስለ ሕመማችሁ የምትነግሩኝን አላምነውም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ምንድን ነው የማደርገው? የታች ጥርስ ከሆነ «ከንፈርዎን በምላስዎ ይንኩት፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነው?» እላለሁ። ይሄ ጀግንነት የማይጠይቅ ጥያቄ ነው፤ ሰው በቀላሉ እውነቱን ይመልሳል። ግን ከንፈር ብቻውን አያስተማምንም። ከንፈሩ እንደ እንጨት ሆኖ ጥርሱ ራሱ ያልተኛ ብዙ ነው፣ በተለይ የተቆጣ ጥርስ። ስለዚህ በሹል መሣሪያ ድዱን በጥርሱ ዙሪያ ቀስ ብዬ እነካለሁ፤ በጉንጭ በኩልም፣ በምላስ በኩልም፤ ነርቮቹ የተለያዩ ናቸውና። ሳደርግ የማየው አፉን አይደለም። ቅንድቡን ነው፣ እጁን ነው፣ የጫማውን ጫፍ ነው። የመንዝ ሰው በአፉ ቢዋሽም የእግሩ አውራ ጣት አይዋሽም።

ደግሞም ከመጀመሬ በፊት እንስማማለን፤ «ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሱ፣ እኔ እቆማለሁ።» እጅ ማንሳት ከመጮህ ይቀላል። ያልተኛ ከሆነ እደግማለሁ። ሌላው መንገድ በቀጭን መርፌ በጥርሱ ሥርና በአጥንቱ መካከል ጥቂት መስጠት ነው፤ ለአንድ ሥር 0.2 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የመጠኑ ገደብ አለ። አንዷ ባለ 1.8 ሚሊ ሊትር ካርፑል፣ መድኃኒቱ ታሽጎ የሚመጣባት ሲሪንጅ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ቱቦ ማለት ናት፣ ሁለት ከመቶ ሊዶካይን ሲኖራት 36 ሚሊ ግራም ነው የያዘችው፤ ለአንድ ሰው የሚሰጠው በክብደቱ ይሰላል። ኪሎውን የማላውቀውን ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ ሚዛን ላይ ሳላወጣ አልጀምርም።

ካርፑል ካልሁ አይቀር፤ አንድ አባት ስጭን አይተው «ይቺማ እንደ ምንሽር ትጎርሳለች» አሉኝ። ሳቅሁ፣ ግን የተናገሩት ከታሪኩ ጋር ይገጥማል። ሃርቪ ኩክ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1917 እ.ኤ.አ.፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ወታደሮች ጠመንጃ ሲያጎርሱ አይቶ ነው ማደንዘዣን በመስታወት ቀለህ ማድረግን ያሰበው። መድኃኒቱ ራሱ ደግሞ ከዚያ በፊት ኮኬይን ነበር። ዊልያም ሃልስቴድ ኒው ዮርክ ላይ በ1884 የታችኛውን መንጋጋ ነርቭ በኮኬይን ያዘ፤ በራሱ ላይ ሲሞክር ሱስ ያዘው፣ ትልቅ የቀዶ ሕክምና ሰው ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ ከሱስ ጋር ታገለ። ሊዶካይንን ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 ሠራው፤ እስከ ዛሬ የምንወጋችሁ እሱን ነው።

አፉ የማይከፈት ሰው ሲመጣስ? መግሉ የመንጋጋውን ጡንቻ ቆልፎት፣ ጣት እንኳ የማያስገባ። ለዚህ የሚሆን ዘዴ አለ፤ ጥርሶቹ እንደተገጠሙ፣ መርፌው በላይኛው ጥርሶች ድድ ከፍታ ጉንጩን ታክኮ ወደ ኋላ ይሄዳል። በ1977 የጻፈው አኪኖሲ የሚባል ናይጄሪያዊ ነው። ይሄን ለተማሪ ስነግር ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ ፍጥነት። መርፌ የሚያምበት ዋናው ምክንያት የመርፌው ውፍረት ይመስላችኋል። ግን ሕመምተኞች በ25፣ በ27 እና በ30 ጌጅ መካከል ያለውን ልዩነት እንደማይለዩ ተፈትኗል፤ ጌጅ የመርፌ ውፍረት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። የሚያመው ፈሳሹ ሲጣደፍ ነው፤ ሥጋውን ይወጥረዋል። በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ አይብለጥ። አንዷን ካርፑል ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ነው ማለት ነው። ኮሪደሩ ላይ ሰው ተሰልፎ እያለ ሁለት ደቂቃ ዓመት ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም የጥርስ ሐኪም የሚለካው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ደግሞ በእኛ ብርድ፣ ጠዋት ከመደርደሪያ የወጣ ካርፑል እንደ በረዶ ነው፤ በመዳፌ ይዤ ቅዝቃዜውን እስኪተው እጠብቃለሁ። ማሞቂያ ላይ አላስቀምጥም፣ መድኃኒቱን ይጎዳዋል።

«ልቤ ተሰወረ» የሚሉ አሉ። አንዳንዱ አድሬናሊኑ ነው። ከሊዶካይኑ ጋር የሚቀላቀለው የደም ሥሮችን አጥብቦ መድኃኒቱን እዚያው እንዲያቆይ ነው፤ ከሌለ ጥርሱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ ነው የሚተኛው፣ ካለ አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳል። ደም ሥር ውስጥ ከገባ ልብ ይመታል፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ሳብ የምናደርገው። የልብ ሕመም ወይም ግፊት ያለባችሁ ንገሩን፤ አብዛኛውን ጊዜ አንከለክላችሁም፣ መጠኑን እንቀንሳለን።

አብዛኛው ግን ራስ መሳት ነው፤ ፍርሃትና ባዶ ሆድ። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ፣ ከጣርማ በር ማዶ ተሳፍሮ የመጣ ሰው፣ መርፌውን ሲያይ ፊቱ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ አስተኝቼ ነው የምወጋው፣ ተቀምጦ አይደለም። «መርፌው ጾም ይገድፋል ወይ?» ብለው ለሚጠይቁኝ የምመልሰው አንድ ነው፤ እሱን ለንስሐ አባትዎ፣ እኔ ግን ከሰዓት በኋላ፣ ቀምሰው ይምጡ እላለሁ።

ልጅ ይዛችሁ የምትመጡ ደግሞ አንድ ነገር። ጥርሱ ቢነቃም ከንፈሩ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ደንዝዞ ይቆያል። ልጅ ያን ከንፈር እንደ ማስቲካ ያኝከዋል፤ ማታ ላይ አብጦ ቆስሎ ስታዩት ሐኪሙ ያበላሸው ይመስላችኋል። እስኪለቀው ምግብ አትስጡት፣ ዐይናችሁን ከአፉ ላይ አታንሱ። ለትልቁም ያው ነው፤ ጥርስ ተነቅሎ ቤት ሲገባ ቡና ተፈልቶ ይጠብቃል፣ «ጠጣ፣ ይሻልሃል» ይባላል። በደነዘዘ አፍ ቡናው ትኩስ መሆኑን አታውቁትም፤ ደሙንም ይቀሰቅሰዋል። ለዚያ ቀን አቦሉም ቶናውም በረካውም ይለፋችሁ። በሉ ደህና ሰንብቱ።