ለላቫጆ ከአናት በላይ የሚዞር የቱቦ ክንድ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ምን ይለካል?

(ምስል፦ ቀይ ጭቃ የለበሰች ሚኒባስ። የፕሬሸር ቱቦው የፊት ጎማዋ ሥር ተሰንቅሯል።)

ተራኪ፦ ጂማ ውስጥ ይህን ያላየ የላቫጆ ባለቤት የለም። አጣቢው ወደ ኋላ ሲዞር ቱቦው ጎማ ሥር ይያዛል። ሲጎትተው ደግሞ ከወለል ያነሳው ጠጠር የበሩን ቀለም ይጭራል። ባለመኪናው ራሱ በሚያጥብበት ቦታማ ቱቦውን ረግጦት የሚወጣም አለ። ቱቦውን ከመሬት አንስቶ ከአናት በላይ የሚያዞር ክንድ ከዚህ ይገላግላል።

(ምስል፦ ሜትር፣ የባዶ ማጠቢያ ክፍል ጣሪያ።)

መጀመሪያ የማጠቢያ ክፍሉን ወርድ ለኩ። 4.5 ሜትር ነው እንበል። ክንዱ ጣሪያው መሀል ከተተከለ 2.25 ሜትር ላይ ግድግዳ ይነካል። የክንዱን ርዝመት 1.7 ሜትር ብትይዙ ጫፉ በሁለቱም በኩል 55 ሴንቲ ሜትር ተርፎት ሙሉ ክብ ይዞራል። ከፍታውን 3.2 ሜትር ብታደርጉት ሃይሩፍ ሚኒባስ ያለ ችግር ይገባል። ቡና የሚጭኑ አይሱዙዎችን የምትቀበሉ ከሆነ ግን የሸራውን ማቀፊያ ጨምራችሁ ለኩ፤ ብዙ ጊዜ ክንድ የሚያጎብጠው እሱ ነው።

ከጫፉ የሚንጠለጠለው ቱቦ ስንት ሜትር ይሁን? ጫፉ 3.2 ሜትር ላይ፣ የአጣቢው እጅ 1 ሜትር ላይ ነው፤ ልዩነቱ 2.2። እስከ መኪናው ጥግ ወደ ጎን 1.8 ሜትር ጨምሩበት፤ ሰያፉ 2.8 ሜትር ይመጣል። ከአጋሮና ከሊሙ መንገድ የሚመጣ መኪና ግን ጭቃው ያለው ከሥሩ ነው፣ አጣቢው መንበርከኩ አይቀርም። ስለዚህ 3.5 ሜትር ያዙ። ከዚያ በላይ ከሆነ ተመልሶ መሬት ይጎተታል።

(ምስል፦ የተሸነቆረ ቆርቆሮ፣ የተነቀለ ብሎን።)

አሁን ወደ ጣሪያው። ሰው ቱቦውን በ20 ኪሎ ጉልበት ወደ ታች ቢስብ፣ 1.7 ሜትር ክንድ መሠረቱ ላይ 34 ኪሎ ግራም-ሜትር ያሳርፋል። ብሎኖቹ በ20 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ፣ በአንድ ወገን ያሉት ሁለቱ 170 ኪሎ የሚሆን መንቀያ ይሸከማሉ ማለት ነው፤ የክንዱ የራሱ ክብደት ሳይቆጠር። ይህን ቆርቆሮም የባሕር ዛፍ ማገርም አይችለውም። ከምሰሶ ምሰሶ የብረት ተሸካሚ አስበይዱ፤ ላዩ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ አራት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን። ከማጥበቃችሁ በፊት ውሃ ልክ አስቀምጡ። የተዘነበለ ክንድ በለቀቃችሁት ቁጥር ራሱ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሄዳል፤ አጣቢው ቀኑን ሙሉ ሲታገለው ይውላል።

(ምስል፦ ስዊቭል በቅርበት፣ ከጎኑ ጠብታ።)

ገንዘባችሁን የምታወጡበት ግን እዚህ ነው፦ ስዊቭሉ፣ ማለትም ውሃ እያሳለፈ የሚዞረው መጋጠሚያ። የፓምፑ ግፊት 100 ባር ከሆነ 200 ባር የሚችል ይሁን፤ የውሃ መርጫው ሽጉጥ ድንገት ሲዘጋ ግፊቱ ይዘላልና። ተራ ብረት ቀለም ቢቀባም ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱም ጎሚኒውን፣ ማለትም ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት፣ ይበላዋል። አይዝጌ ብረት ወይም ነሐስ ይሻላል። ከአዌቱ ወንዝ ውሃ የምትስቡ ከሆነ ደግሞ ከፓምፑ በፊት ማጣሪያ ግድ ነው፤ ደለሉ ጎሚኒውን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል።

አንድ ነገር ግን አታድርጉ፦ የቤት ውሃ የሚሄድበትን የጋልቫናይዝድ ቧንቧ በክርን አገጣጥማችሁ ክንድ አትሥሩ። ለ100 ባር የተሠራ አይደለም፤ ክሩ ላይ ከለቀቀ ሰው ይጎዳል።

በጀት ካጠረ መላ አለ። በያጁ ግድግዳ ላይ በኩሽኔታ የሚዞር፣ ቱቦውን ብቻ የሚሸከም ክንድ ይሥራላችሁ። ግማሽ ክብ ብቻ ስለሚዞር ስዊቭል አያስፈልገውም። በማጠፊያው ላይ ቱቦውን 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ቀለበት ልቀቁት፤ ከዚያ ከጠበበ የውስጥ ሽቦው ይሰበራል። ጫፉ ላይ፣ ቱቦው ወደ ታች በሚታጠፍበት፣ ሞላ አልብሱት። ቶሎ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው።

(ምስል፦ ጎሚኒ ሲቀየር።)

ስዊቭል የገዛችሁ ግን የጎሚኒውን መለዋወጫ አብራችሁ ያዙ። መንጠባጠብ ከጀመረ በዚያው ቀን ቀይሩት፤ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ መለዋወጫው እስኪመጣ ማጠቢያው ተዘግቶ ይቆያል።