የጎማ መብራቷ አልጠፋ ብላኛለች፣ ምን ላርግ? (የጅማ አድማጮች ጥያቄና መልስ)

በዛሬው ፕሮግራም ከጅማና ከዙሪያዋ የደወላችሁ ብዙ ናችሁ፣ ግማሹ ጥያቄ ደግሞ ስለ አንድ ነገር ነው፣ ዳሽቦርድ ላይ ስላለችው፣ የጎማ ንፋስ ሲጎድል ስለምትበራው ቢጫ መብራት፣ የፈረስ ኮቴ መስላ መሃሏ ቃለ አጋኖ ስላለባት። ሰአት አጥሮን በአየር ላይ ያሳጠርኩትን እዚህ ሰፋ አርጌ መልሼዋለሁ።

ከአጂፕ ሰፈር የደወለች እህት፦ "ከአሜሪካ የገባ ኮሮላ ነው የምነዳው። መብራቷ ስትበራ ጎሚስታ ጋ ሄጄ አራቱንም ጎማ አስነፋሁ፣ መብራቷ ግን አሁንም አለች። ባትሪ ቢነቀል ይጠፋል አሉኝ፣ ላስነቅለው?"

እህቴ ባትሪውን ተይው። ባትሪ ሲነቀል መብራቷ ለጊዜው የጠፋች ልትመስል ትችላለች እንጂ ጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ አልተቀየረም፣ ትንሽ ስትነጂ ተመልሳ ትመጣለች፣ የምታተርፊው የሬድዮሽና የሰአትሽ ሴቲንግ መጥፋት ብቻ ነው።

ስንት አስገባልሽ ብዬ ስጠይቅሽ "በእግሩ ረገጥ ረገጥ አርጎ በቃ ደህና ነው አለኝ" አልሽኝ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የዘንድሮ ጎማ ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ 24 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የያዘውንና 32 የያዘውን በእግር ረግጦም በአይን አይቶም መለየት በጣም ከባድ ነው፣ እኔ ራሴ ይሄን ሁሉ አመት ሰርቼ ያለ ጌጅ፣ ያለ ንፋስ መለኪያ ማለቴ ነው፣ አልናገርም። በአሜሪካ ሕግ መብራቷ መብራት ያለባት ንፋሱ ከታዘዘው ልክ በ25 ፐርሰንት ሲወርድ ነው፣ ልኩ 32 ከሆነ 24 ሲደርስ ማለት ነው። ስለዚህ በርታ ካየሻት ጎማሽ የንፋሱን ሩብ አጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ቀላል ነገር አይደለም። ሕጉም ዝም ብሎ አልወጣም፣ በፈረንጆቹ 2000 የፋየርስቶን ጎማ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ እየተላጠ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው ኮንግረሱ ያጸደቀው፣ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ይቺ መብራት አለችው።

ልኩን የምታገኚው የሾፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ በተለጠፈችው ወረቀት ነው፣ የፊትና የኋላው ለየብቻ ተጽፏል። ጎማው ጎን ላይ 44 ወይም 51 የሚል ቁጥር አይተሽ እሱን እንዳታስሞዪ፣ እሱ ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ነው እንጂ ለመኪናሽ የታዘዘ አይደለም፣ ያንን ካስሞላሽ መኪናዋ ትነጥራለች በጅማ ዝናብ ላይ ደግሞ መሬት አትይዝልሽም። የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ ነው፣ ቆማ ያደረች ወይም ቢያንስ 3 ሰአት የቆመች መኪና ላይ።

አራቱም ልክ ከሆኑ በኋላ ሪሴት ታደርጊያለሽ። በብዙ ቶዮታ ላይ የሪሴት ቁልፏ (በተኗ) ከመሪው ስር በጉልበትሽ በኩል ነች ወይም ከተሳፋሪው ፊት ያለው ኪስ ውስጥ፣ ምልክቱ ያው የፈረስ ኮቴው ነው። መኪናው ቆሞ ማስነሻውን ኦን ላይ አድርጊና የሪሴት ቁልፏን ተጭነሽ ያዢ፣ መብራቷ ቀስ እያለች 3 ጊዜ ብልጭ ስትል ልቀቂያት፣ ጥቂት ደቂቃ ኦን ላይ እንዳለ ተይውና አጥፊው። ከዛ ስትነጂው ይይዘዋል። ቁልፍ የሌላቸው መኪኖች በመሪው ላይ ባሉት በተኖች ወይም በስክሪኑ ሜኑ ይሰራሉ፣ አንዳንዱ ደግሞ ልኩ ከተሞላ ትንሽ ሲነዳ ራሱ ያጠፋታል።

አደራ የምልሽ ቅደም ተከተሉን ነው። ሪሴት ማለት ለመኪናው "አሁን ያለው ንፋስ ልክ ነው፣ ይሄን ያዝ" ማለት ነው። በጎደለ ጎማ ላይ ካደረግሽው ጎዶሎውን ልክ ብሎ ይቀበልና ሌላ ጊዜ ሳያስጠነቅቅሽ ይቀራል። ስራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ ቸኩያለሁ አጥፋልኝ ሲለኝ ሳልለካ ሪሴት አርጌ ሸኘሁት፣ በሶስተኛው ቀን ሰኮሩ አካባቢ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን፣ ግን ልጆቹ ከኋላ ነበሩ። ከዛን ቀን ጀምሮ ጌጅ ሳላስገባ ያቺን ቁልፍ ነክቼ አላውቅም።

ሞልተሽ ከሳምንት በኋላ ያው ጎማ ብቻ ከጎደለ ሪሴት መደጋገሙን ተይና ሚስማር ወይም ቫልቩ ጋ ማፈትለክ ካለ በሳሙና ውሃ አስፈትሺ።

ከአጋሮ የደወሉ ሀጂ፦ "አራቱም ጎማ በልኩ ተሞልቷል፣ ሁለት ቦታ አስለክቻለሁ፣ መብራቱ ግን አይጠፋም።"

ሀጂ፣ መኪናዎ ትልቁ ጂፕ ነው ብለውኛል፣ እንግዲያው ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን ማለቴ ነው፣ ያስለኩት። ሙሉ ጎማ ስኮርታ ከሚይዙት መኪኖች አንዳንዶቹ አምስተኛው ላይም ንፋሱን የሚለካ ሴንሰር አላቸው፣ ስኮርታ ደግሞ ማንም አያስታውሰውም፣ ከስር ተንጠልጥሎ ንፋሱ ቀስ እያለ ያልቃል።

አንድ ሾፌር ወንድማችን፦ "ከጅማ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ጠዋት 12 ሰአት ስነሳ መብራቷ ትበራለች፣ አሰንዳቦ ሳልደርስ ትጠፋለች። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነው?"

አልተበላሸም፣ እንደውም በደንብ እየሰራ ነው። ንፋስ ሲቀዘቅዝ ይጨማደዳል፣ በ10 ዲግሪ ልዩነት ወደ 2 ፒኤስአይ ይቀንሳል። በህዳርና ታህሳስ የጅማ ጠዋት ብርድ ነው፣ ስትነዳ ጎማው ይሞቅና ከ4 እስከ 5 ፒኤስአይ ሊጨምር ይችላል፣ ስለዚህ መብራቷ ትጠፋለች። ግን ጠፋች ብለህ አትለፋት፣ ጎማህ ጠርዝ ላይ ነው ያለው፣ ብርዱ ትንሽ ብቻ ነው የገፋው። ጠዋት ሳትነሳ ለካና የጎደለውን ሙላ።

ጊቤ ላይ ቁጥሩ ይለዋወጣል ላልከው፣ ጌጅ የሚያሳየው የውስጡ ንፋስ ከውጪው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ጊቤ ድልድዩ ጋ 1,100 ሜትር አካባቢ ትወርዳለህ፣ እዚያ የውጪው አየር ስለሚከብድ ያው ጎማ በጌጅ ሲለካ ወደ 2 ፒኤስአይ ዝቅ ብሎ ይታያል። ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ከፍ ያረገዋል። ስለዚህ ጊቤ ላይ በጋለ ጎማ ለክተህ በዛ ብለህ ንፋስ እንዳታስወጣ፣ ቀዝቅዞ ሲያድር ይጎድልብሃል። ጊቤ ቁልቁለት ላይ የጎደለ ጎማ ከፍሬን ሙቀት ጋር ምን እንደሚያመጣ አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ፣ እባክህን ሳትለካ አትውረድ።

ከመርካቶ አካባቢ፦ "መብራቷ ቁልፍ ስከፍት አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ብልጭ ትልና ከዛ በርታ ትቀራለች። ጎማ ካስጠገንኩ ወዲህ ነው።"

ይሄ ሌላ ቋንቋ ነው። ዝም ብላ ከበራች ንፋስ ጎድሏል፣ መጀመሪያ ብልጭ ብልጭ ብላ ከዛ በርታ ከቀረች ግን ሲስተሙ ራሱ ታሟል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ሴንሰር መልስ አልሰጥ ብሎ። ሴንሰሩ ከቫልቩ ጋ ተያይዞ ከቸርኬው ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ጎማው በብረት ሲፈለቀቅ በቀላሉ ይሰበራል። ባሰ ደግሞ፣ እዚህ ከተማ ብዙ ጊዜ ያየሁት፣ ቱብለሱ አልይዝ ሲል ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ) ይከቱና ሴንሰሩን አውጥተው ይጥሉታል፣ ባለቤቱ ሳያውቅ። ጎሚስታህን ጠይቀው፣ ካስቀመጠው ተቀበለው። ከአሁን በኋላም ጎማ ከመፈታቱ በፊት ሴንሰር አለው ብለህ ንገር። ያልተነካ ከሆነ ደግሞ የሴንሰሩ ባትሪ አልቆ ሊሆን ይችላል፣ ከ5 እስከ 10 አመት ነው የሚቆየው፣ ባትሪው ስለታሸገ ሴንሰሩ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ስትገዛ የሴንሰሩ የሬድዮ ሞገድ በአሜሪካ መኪና ብዙ ጊዜ 315 ሜጋኸርዝ በአውሮፓ ደግሞ 433 መሆኑን አትርሳ፣ ካልገጠመ መኪናው አይሰማውም፣ ከተገጠመ በኋላም የሴንሰሩ መለያ ቁጥር በማሽን መኪናው ላይ መመዝገብ አለበት። ሪሴት ቁልፍ ይሄን አይፈታውም።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ወጣት፦ "ስክሪኑ ጎማ 250 ይላል፣ ፈርቼ አስቀነስኩት።"

ቶሎ አስመልሰው የኔ ወንድም። 250 ኪሎ ፓስካል ነው፣ በጎሚስታው ጌጅ 36 ፒኤስአይ ማለት ነው፣ በባር ደግሞ 2.5። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ንፋስ ነው የሚታዘዝለት፣ የበሩን ወረቀት እይ።

"መብራቷ እንዳትታይ ፕላስተር ልለጥፍባት?" ላልከኝ ሌላ አድማጭ፣ አይሆንም።

የመጨረሻው ከጅሬን የደወሉ አባት፦ "የኔ አሮጌ ቪትዝ ነው፣ መብራት የሚባል የለውም፣ የልጅ ልጆቼን ትምህርት ቤት አመላልስበታለሁ።"

አባቴ፣ መብራት ያለውም ሰው ሩቡ እስኪጎድል አይነገረውም ብያለሁ፣ ስለዚህ ያን ያህል አልቀረብዎትም። አንድ የእጅ ጌጅ ይግዙና ኪስ ውስጥ ያኑሩት፣ በ15 ቀን አንዴ ጠዋት መኪናው ከግቢ ሳይወጣ አራቱንም ይለኩ፣ ስኮርታውንም። የዳገቱ ድንጋይ የጎማውን የውስጥ ጎን ስለሚበላው መሪውን ወደ ዳር አዙረው በእጅዎ ዳበስ ያርጉት፣ ሽቦ ከነካዎት ንፋሱ ልክ ቢሆንም ልጆቹን አይጫኑበት፣ መጀመሪያ ጎማው ይቀየር።