አዎ ያልኳት ነገር

እሺ... ዛሬም አንዲት ተማሪዬ ክፍል ውስጥ የጠየቀችኝ ጥያቄ ላይ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ሰሌዳው ጋ ቆሜያለሁ። ኮንቲኒውድ ፍራክሽን (ቁጥርን ክፍልፋይ ውስጥ ክፍልፋይ እያስገቡ መጻፍ) ላይ ስደርስ እንዴት እንደምሆን ታውቃላችሁ። ፈንክሽኖቹን ጽፌ ጨርሻለሁ፦ 1 ሲካፈል ለ(ኤን ሲደመር ኤክስ)። ኤን 1፣ 2፣ 3 እያለ ማለቂያ የለውም። "አትራክተሩ፣ ማለትም ፈንክሽኖቹን ያለማቋረጥ አንዱን በሌላው ላይ ስንደራርብ የምንደርስባቸው ነጥቦች፣ በ0 እና በ1 መካከል ያሉት፣ በተራ ክፍልፋይ የማይጻፉት ቁጥሮች በሙሉ ናቸው" አልኩ። አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። "በቁጥር ውስን የሆኑ ፈንክሽኖችን ብቻ ብንመርጥስ? ከዚያ የእነዚህን ንዑስ ሥርዓቶች አትራክተሮች በሙሉ ብናዋሕድ፣ ትልቁ፣ የሙሉው ሥርዓት አትራክተር ይመጣል?"

"አዎ፣ ይመጣል" አልኳት። ወዲያው። ቀና ብዬም አላየኋት። እሷ ደግሞ ጻፈችው። እስክሪብቶዋ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

አይመጣም እኮ! ኢ የሚባለውን ቁጥር ውሰዱና 2 ቀንሱለት። አሃዞቹ፣ ማለትም ኮንቲኒውድ ፍራክሽኑ ውስጥ በተራ የሚገቡት ኤኖች፣ 1፣ 2፣ 1፣ 1፣ 4፣ 1፣ 1፣ 6፣ 1፣ 1፣ 8 እያሉ ይሄዳሉ። ጣሪያ የላቸውም። ስለዚህ የትኛውም ውስን ንዑስ ሥርዓት አይይዘውም። ትልቁ ውስጥ ግን አለ። እሱ ብቻውን ቢሆን ምንም አልነበረም። ግን ውስኖቹ ሁሉ ተዋሕደው፣ በርዝመት ሲለኩ ዜሮ ናቸው። ርዝመቱን ሁሉ የያዘው የቀረው ነው።

ግን ደግሞ... የሒሳብ ሊቃውንቱ ማውልዲን እና ኡርባንስኪ በ1996 ያሳዩት አለ። ስለ ዳይሜንሽን ነው፤ ርዝመታቸው ዜሮ የሆኑ ስብስቦችን እንኳ ትልቅና ትንሽ ብሎ የሚለይ መለኪያ። የትልቁ ዳይሜንሽን የውስኖቹ ዳይሜንሽኖች የሚጠጉት ጣሪያ ነው። 1 እና 2 አሃዞችን ብቻ ብትፈቅዱ 0.531 ገደማ ታገኛላችሁ። አሃዝ ስትጨምሩ ወደ 1 ይጠጋል። በዳይሜንሽን ከሆነ ምንም አልጎደለም ማለት ነው። ታዲያ አዎ ማለቴ በአንዱ መለኪያ ልክ ነበር? ወይስ ራሴን እያጽናናሁ ነው? እሷ የጠየቀችው ስለ ነጥቦቹ ነው። ስለ ዳይሜንሽን አልጠየቀችም።

ኧረ ይሄን ሳልነግራችሁ! ከ0 እስከ 1 የፈለጋችሁትን ቁጥር ጥሩ። ዳይሜንሽኑ ልክ ያ የሆነ ንዑስ ሥርዓት ከእነዚሁ ፈንክሽኖች መምረጥ ይቻላል። ኬስቦመር እና ዡ በ2006 አረጋገጡት። አንድም ክፍተት የለም። ይሄን ሳስብ ደስታው ሌላ ነው። ለእሷም መንገር የነበረብኝ ይሄን ነበር፣ ከኢ ጋር፣ ያኔውኑ...

ደብተሯ ላይ ግን አሁንም "አዎ" ይላል። ሴሚስተሩ አልቋል። ልጻፍላት እላለሁ፤ ደግሞ ምናልባት እኮ እሷ ራሷ ደርሳበት...