«ይሄ አልቋል?»

እንዴት ሰነበታችሁ። ለዛሬ ያዘጋጀሁት ሌላ ነበር፣ ተውኩት። ከእማዬ ጋር ሙዚየም የሄድንበት ቀን ካእምሮዬ አልወጣ አለኝ። እማዬን ታውቋታላችሁ። በርበሬ የሞላውን ሻንጣ ይዛ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ነው።

ትንሽ ክፍል ናት። መብራቱ ደብዘዝ ብሏል፣ ብርሃን ወረቀት ይጎዳል። ግድግዳው ላይ አንድ ተራራ ተሰቅሏል። «ፈረንሳይ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጥቁር ጠመኔ» ይላል። ሰዓሊው ገደሉን ደጋግሞ ተጭኖ አጥቁሮታል። ደመናው በጣት የታሸ ይመስላል። በረዶው ግን... በረዶውን አልሳለውም። ዙሪያውን አጥቁሮ ወረቀቱን እንዲሁ ትቶታል። ያ ባዶ ቦታ ነው የሚያበራው።

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዛ «ይሄ አልቋል?» አለችኝ።

«አዎ እማ፣ እንደዚህ ነው የሚሳለው» አልኳት። ቶሎ ብዬ። «እህ» አለች። ወደሚቀጥለው ክፍል አለፍን።

ያቺ «እህ»።

ጠመኔ ስላችሁ የትምህርት ቤቱ ነጩ እንዳይመስላችሁ። ጥቁሩ ከመሬት የሚወጣ ለስላሳ ድንጋይ ነው፣ ካርቦን ያለበት። ቆራርጠው ይስሉበታል። በኋላ ሰው ሠራሹ ተተካ። በፈረንጆቹ 1795 ፈረንሳይ ጦርነት ላይ ስለነበረች የእንግሊዝ ግራፋይት፣ ያ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር፣ ቀረባት፣ ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የሚባል ፈረንሳዊ የግራፋይት ዱቄትና ሸክላ አደባልቆ ጋገረ። የዛሬው እርሳስ ከዛ ነው የመጣው። እኔን የገረመኝ ግን ድንጋዩ ነው። አስቡት፣ ተራራን በድንጋይ መሳል! ይሄን ለእማዬ ብነግራት ደስ ይላት ነበር። አልነገርኳትም። ያኔ አላውቀውም ነበራ።

እና ሰሞኑን ስለዛ ዘመን ሳነብ ቴዎዶር ሩሶ ላይ ደረስኩ። ሰዓሊው፣ ፈላስፋው ሌላ ነው። በ1834 ዡራ ተራሮች ላይ ሆኖ የሞን ብላንን ሰንሰለት በወጀብ ውስጥ አየ። ያየውን በዘይት ቀለም መሳል ጀመረ። በ1867 እስኪሞት ድረስ እየተመለሰ ይነካካው ነበር። አንድ ወጀብ፣ 33 ዓመት! ሥዕሉ አሁን ኮፐንሃገን ነው።

እሱን «ይሄ አልቋል?» ብትለው ምን ይላት ነበር? እኔ ሁለት ሰከንድ አልፈጀብኝም።

እማዬ እኮ ጥልፍ የጠለፈች ሴት ናት። ክሩ የት እንደሚቆም ታውቃለች። ሳትጠልፍ የምትተወውንም ጨርቅ ታውቃለች። ምናልባት ስለዛ ልታወራኝ ፈልጋ... ወይ ደግሞ ስለ ሥዕሉ አልነበረም። መመለሻዋ ሦስት ቀን ነበር የቀረው። እንጃ። እያጋነንኩ ይሆናል፣ ደክሟትም ሊሆን ይችላል። ብዙ ቆመን ነበር፣ ጉልበቷን ያማታል።

ትናንት ልጠይቃት ደወልኩ። ስለ ጉንፋኗ አወራን፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አወራን። «እማ፣ ያ ተራራ...» ልል ስል፣ «በል እንግዲህ፣ ካርድህ አይለቅ» አለችኝና...